«ሰላም» ስንት ፊደል ነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት፤ ቡናችሁን አስቀርባችሁ አንብቡት። ኮድ የማትወዱም ብትሆኑ አትሂዱ፣ ግማሹ ስለ ፊደላችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያስተማርኳችሁ ልጆች ኢንቦክስ እየገባችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «ቲቸር፣ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ጨርሻለሁ፣ ጃቫስክሪፕትም እየገባኝ ነው። አሁን ፒኤችፒ ምን ያደርግልኛል? ሁሉንም በጃቫስክሪፕት ብሠራስ?» ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ ይመጣል፤ ኮሌጅ ገብቶ ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ተምሯል፣ ጃቫስክሪፕትን ግን እንደ ጌጥ ነው የሚያየው፣ ስላይድ ማንሸራተቻ ነገር። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። የጎደላቸው ግን አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ ወገኖች የት ላይ እንደሚገናኙ አላዩም። ለእያንዳንዳችሁ ለብቻ ከምመልስ ታሪኩን ልጻፈው አልኩ። ታሪኩ ደግሞ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አማርኛ ድረ ገጽ ላይ ለመውጣት ያየው አበሳ ይህንኑ ትምህርት ከማንም መጽሐፍ በላይ ያስተምራል።

መጀመሪያ ግን ጥያቄ ልጠይቅ። «ሰላም» ስንት ፊደል ነው?

ሦስት አላችሁ አይደል? ጃቫስክሪፕትም 3 ይላል። ያንኑ ቃል ለፒኤችፒ ስጡትና የተለመደውን ርዝመት መቁጠሪያውን ጥሩት፤ 9 ይላችኋል። የድሮ የአማርኛ ድረ ገጽ ዳታቤዝ ብትከፍቱ ደግሞ 21 ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። 3፣ 9፣ 21። አንዱም አልተሳሳተም። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመናገር ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ኢንተርኔት አገራችን በይፋ የገባው በ1989 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1997 መሆኑ ነው። ያስገባው የዛሬው ኢትዮ ቴሌኮም፣ ያኔ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት ነበር። ከዚያ በፊትም ቢሆን ባዶ ሜዳ አልነበረም። የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል በፊዶኔት መንገድ ኢሜይል ያመላልስ ነበር፤ ደብዳቤው ይጠራቀማል፣ ከዚያ በስልክ መስመር ተደውሎ በአንድ ላይ ይላካል። እንደ ፖስታ ከረጢት በሉት። «ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ እናምጣ» ብለው በስብሰባና በደብዳቤ የወተወቱ ሰዎችም ነበሩ፤ ከነሱ መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳዊት በቀለ አንዱ ናቸው፣ በኋላ የኢንተርኔት ሶሳይቲን የአፍሪካ ቢሮ የመሩት። እነዚህን ሰዎች በታሪክ ክፍለ ጊዜ አናስተምራቸውም። እኔ ብሆን አስተምራቸዋለሁ።

ያኔ መስመራችን በሳተላይት ነበር። እዚህ ላይ ፊዚክስ ትንሽ ትግባ። ሳተላይቱ ያለው ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ጥያቄያችሁ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መልሱም ይወጣል፣ ይወርዳል። ደምሩት፣ 144,000 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለምትሄድ፣ ሌላው ሁሉ እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ አንድ ጥያቄና መልስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይበላል። ሞደሙ እየጮኸ የሚፈጀው፣ የስልክ መስመሩ የሚያንገራግረው ሳይቆጠር ማለት ነው። አንድ ገጽ ደግሞ በአንድ ጥያቄ አያልቅም፤ ሥዕሉ ለብቻው፣ አርማው ለብቻው ይጠየቃል። ቦሌ መንገድ፣ 22፣ መገናኛ ኢንተርኔት ቤት የገባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሂሳቡ በደቂቃ ነው፣ ገጹ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እናንተ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያላችሁ።

እንግዲህ አንድ ፎርም ሞልታችሁ ላካችሁ እንበል። ግማሽ ሰከንድ፣ ከዚያም በላይ፣ አንዳንዴ ደቂቃ ጠበቃችሁ። የመጣው መልስ ምንድነው? «የአባት ስም አልሞሉም።» ሰማይ ድረስ ወጥቶ ወርዶ ይህን ለመናገር! ጃቫስክሪፕት የተፈጠረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ብሬንዳን አይክ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅጂ ኔትስኬፕ ውስጥ በአሥር ቀን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1995 ግንቦት ላይ ነው። ራስመስ ሌርዶርፍ ፒኤችፒን ለሕዝብ ያሳወቀው በዚያው ዓመት ጁን 8 ነው፤ በእኛ ሰኔ 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ማለት ነው። ሰውየው የፈለገው ትንሽ ነገር ነበር፣ የሥራ ልምድ ገጹን ማን ማን እንዳየው ማወቅ። አንዱ ቋንቋ አንባቢው ማሽን ላይ ተቀመጠ፣ ሌላው ገጹ ካለበት ማሽን ላይ። እኛ ክላየንትና ሰርቨር የምንላቸው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ናቸው። ክላየንት ማለት እጃችሁ ላይ ያለው ስልክና በውስጡ ያለው ብራውዘር ነው። ሰርቨር ማለት ገጹንና መዝገቡን ይዞ ጥያቄ የሚጠብቀው ማሽን ነው። በቃ።

ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛ ነው። አማርኛስ?

የአማርኛን ችግር በቁጥር ላስቀምጠው። የዚያን ጊዜ ፎንት 256 ቦታ ነው ያለው። ግማሹን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይዞታል። የእኛ ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231፤ እነ ሏ፣ እነ ቋ፣ እነ ኳ ሲጨመሩ፣ የግዕዝ ቁጥሩ፣ አራት ነጥቡ፣ ድርብ ሰረዙ... ግማሽ ቦታ ላይ አይገባም። ስለዚህ ሶፍትዌር ሠሪው ሁሉ የራሱን ዘዴ ፈጠረ። አንዱ ፊደሉን ሁለት ፎንት ላይ ከፋፈለው፤ ሌላው እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ ሠርቶ በላዩ ላይ ቀጠለው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ስንቱ። እያንዳንዱ የራሱ ሠንጠረዥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ስትከፍቱት የሚታየው ነገር ጸሐፊ ቤት የሠሩ ሰዎች ትዝ ይላቸዋል፤ አማርኛም እንግሊዝኛም ያልሆነ፣ ድመት ኪቦርድ ላይ የሄደችበት የሚመስል ነገር።

ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ይህ ችግር እጥፍ ሆነ። ምክንያቱም ጸሐፊውና አንባቢው አንድ ቢሮ ውስጥ አይደሉም። ጸሐፊው ዋሽንግተን ነው፣ አንባቢው ገርጂ ኢንተርኔት ቤት ነው። ያኔ የተሞከሩት መፍትሔዎች ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም የየራሳቸው ዋጋ ነበራቸው።

አንደኛው ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ መለጠፍ ነው። ለአንባቢው ምንም አያስቸግርም፤ ሥዕል ነውና ይታያል። ግን ከባድ ነው፣ በሳተላይት መስመር ላይ መከራ ነው፣ ውስጡ ቃል መፈለግም አይቻልም። ለኮምፒውተሩ ያ ጽሑፍ አማርኛ አልነበረም፣ የጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ነበር።

ሁለተኛው «ይህን ፎንት አውርደው ይጫኑ» ማለት ነው። ሥራውን በሙሉ ክላየንቱ ላይ መጣል ማለት ነው ይሄ። ቤታችሁ ኮምፒውተር ካላችሁ ጥሩ። ኢንተርኔት ቤት ከሆናችሁ ግን ባለቤቱ ምንም ነገር እንድትጭኑ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም ነገ ሌላ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጡት።

ሦስተኛው ነው እኔን የሚገርመኝ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሰራ» የሚባል ዘዴ አዘጋጁ (እባካችሁ «ሴራ» ብላችሁ እንዳታነቡት)። የግዕዝን ፊደል በተራ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ፊደላት ለመወከል ስምምነት ማለት ነው። ትንሿ ቲ ተን፣ ትልቋ ቲ ጠን ትወክላለች፤ አናባቢው ከኋላ ይከተላል። ዛሬ ስልካችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እየነካችሁ አማርኛ የምታወጡበት አሠራር የዚያ ዘመድ ነው። ከዚያ ዳንኤል ላይቭግዕዝ የሚባል ፕሮግራም በፐርል ቋንቋ ጻፈ፤ የሚሠራው ሰርቨር ላይ ነው። አንባቢው «እኔ ማሽን ላይ ያለው ፎንት ይኼ ነው» ብሎ ይመርጣል። ሰርቨሩ የተቀመጠውን ጽሑፍ አንስቶ ለዚያ ፎንት በሚስማማው ኮድ እዚያው ይቀይርና ይልክለታል። ያው አንድ ጽሑፍ ለአሥር ሰው በአሥር ዓይነት ኮድ ይሄዳል፤ ሁሉም ግን የሚያዩት ያንኑ አማርኛ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ክላየንቱ የማይችለውን ሰርቨሩ ሠራለት፤ ሰርቨሩ ሊያውቀው የማይችለውን ደግሞ (የትኛው ፎንት እንዳለ) ክላየንቱ ነገረው። ፒኤችፒንና ጃቫስክሪፕትን ማዋሃድ የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ ሚስጥር የለውም። ማን ምን ያውቃል? ማን ምን ይችላል? የሚያውቀው ለሚችለው ምን ብሎ ይንገረው? የሚገርመው ይህን ሲያስቡ የነበሩት ሰዎች ትልቅ ኩባንያ ውስጥ አልነበሩም፤ አማርኛ ስክሪን ላይ ማየት ስላማራቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ወጣ፣ ውስጡም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ነበሩ። ለዚህ ከደከሙት መካከል ከዳሸን ኢንጂነሪንጉ ፍስሐ አጥላውና ከዚሁ ከዳንኤል ያዕቆብ ስም በተጨማሪ የሚነሱ ብዙ አሉ፤ «መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አላለቀም፣ እኔ እሱ ውስጥ አልገባም። ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር ኖረው። ሀ 4608 ነው። ሁ 4609፣ ሂ 4610፣ እያለ ይሄዳል። ለ 4616 ነው። አያችሁ፣ ከሀ ስምንት ይርቃል። ሰባቱ ቤት ለሰባቱ ድምፅ፣ ስምንተኛው ለዲቃላው። መ 4632፣ ሰ 4656።

የፊደል ገበታ ዱላ ይዘው ያስቆጠሩን የኔታ ቢያዩት ደስ የሚላቸው ነገር ነው፤ ገበታው ሒሳብ ሆነ። ራብዕ ማለት ግዕዙ ሲደመር 3 ነው። ሳድስ ሲደመር 5። «ሰላም» ማለት 4656፣ 4619፣ 4637 ነው፤ ራሳችሁ አስሉት። የአማርኛ መጻፊያ በጃቫስክሪፕት መሥራት በጣም ቀላል የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ተጠቃሚው ተነባቢ ሲነካ ሳድሱን አውጣ፤ አናባቢ ሲከተል ወደ ግዕዙ መልሰህ የቤቱን ቁጥር ደምር። አማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ ያለው መጻፊያ በዚሁ መንገድ ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ ሰርቨር አይጠይቅም። ጎግል ያወጣው የአማርኛ መጻፊያ ግን ቃሉን ወደ ሰርቨሩ ልኮ ግምት ይዞ ይመለስ ነበር። የሁለተኛው ግምት ያምራል፤ መስመር ሲደክም ግን ጣታችሁ ቀድሞ ይሄድና ፊደሉ ኋላ ይቀራል። ያው ጥያቄ ነው፣ ሥራው የት ይሠራ?

አሁን ወደ 3፣ 9 እና 21 እንመለስ።

ጃቫስክሪፕት ሲቆጥር የፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር አንድ ብሎ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ 3። ጽሑፉ በመስመር ላይ ሲሄድ ግን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ይሄዳል፤ በዚያ አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። የፒኤችፒ ተራ መቁጠሪያ ባይት እንጂ ፊደል ስለማይቆጥር 9 ይላል። ፊደል የሚቆጥር ሌላ ፈንክሽን አለው፣ ግን ካልነገራችሁት አይጠቀምም። 21 የሚመጣው ደግሞ እንዲህ ነው። ገጹ «እኔ ዩቲኤፍ-8 ነኝ» ብሎ ካልተናገረ፣ የድሮው ላቲን-1 ከሆነ፣ ብራውዘሩ ግዕዝ መላክ አይችልም። ዝም ብሎ ከመጣል ግን በየፊደሉ ፋንታ ሰ የመሰለ ነገር ይልካል። ቁጠሩት፣ 7 ምልክት ነው። ሰባት ሦስት፣ 21። ገጹ መልሶ ሲያወጣው ብራውዘሩ ወደ ፊደል ስለሚቀይረው ለዓይን ምንም ችግር የለም። ዳታቤዙ ውስጥ ግን አማርኛ የለም፣ የቁጥር ክምር ነው ያለው።

ዳታቤዙም የራሱ ጉድ ነበረበት። ማይኤስኪውኤል ዩኒኮድን መደገፍ የጀመረው በ4.1 ቅጂው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ካልነገራችሁት በስተቀር ግን ላቲን-1 ብሎ መነሳቱን እስከ 8.0 ድረስ፣ ማለትም እስከ 2018 አልተወም። ያን ሁሉ ዓመት ስንት የኛ ሰው ፎርም ሞልቶ፣ ሴቭ ብሎ፣ ተመልሶ ሲያይ «????» አገኘ? ኮድ የጀመረ የአበሻ ልጅ ሁሉ እነዚያን የጥያቄ ምልክቶች ያውቃቸዋል። እኔ የጥምቀት ስማችን እላቸዋለሁ።

ከጥያቄ ምልክቱ የባሰው ግን ዝም ብሎ የሚቆርጠው ነው። ወልደገብርኤል የሚባል ሰው ፎርም ሞላ እንበል። ጃቫስክሪፕቱ «ስም ከ20 ፊደል አይበልጥ» የሚል ቁጥጥር አለው። ስሙ 8 ፊደል ነው፣ አለፈ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ቦታ ደግሞ 20 ባይት ነው። 8 በ3 ሲባዛ 24። አይገባም። የድሮው ማይኤስኪውኤል ሳይጮህ ቆርጦ ያስቀምጠዋል። 20 ባይት ማለት 6 ሙሉ ፊደልና የሰባተኛው ቁራጭ ነው። ስለዚህ ሰውየው መዝገቡ ላይ «ወልደገብር» ሆኖ ጫፉ ላይ ጥቁር አልማዝ ውስጥ የገባ የጥያቄ ምልክት ይዞ ይኖራል። የፊት ኮዱን የጻፈው ልጅ «የኔ ትክክል ነው፣ 20 ፊደል ብያለሁ» ይላል። የኋላውን የጻፈውም «የኔ ትክክል ነው፣ 20 ብያለሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። 20 ምን? ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ወልደገብርኤል ግን ነገ መስኮት ላይ ቆሞ «ስምህ ከመታወቂያህ ጋር አይመሳሰልም» የሚባለው እሱ ነው።

እኔ አንዱን ብቻ የተማረ ልጅ ሳይ የምሠጋው ለዚህ ነው። ቋንቋ ስላነሰው አይደለም።

«ቲቸር፣ አሁን እኮ ኖድ አለ፣ ከፊትም ከኋላም ጃቫስክሪፕት ነው» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ራያን ዳል ኖድን ካወጣበት ከ2009 ጀምሮ ጃቫስክሪፕት ሰርቨር ላይም ይሠራል። ሁለት ቋንቋ መማሩ ይቀርላችኋል። ሁለቱ ቦታዎች ግን አይቀሩም። ቦሌና መርካቶ ያለው ሱቅ በአንድ ሰው ስም ቢሆንም ዕቃው በመሐል መጓጓዙ የት ይቀራል?

መሐሉን በደንብ ያለሰለሰው አሠራር አጃክስ የሚባለው ነው። ዘዴው ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ላይ በ1999 ገብቶ ነበር፤ ሰው በደንብ ያወቀው ግን ጂሜይል በ2004 ሲመጣ ነው፣ ስሙን ያገኘው ደግሞ በ2005። ገጹ በሙሉ እንደገና ከሚመጣ የተለወጠችው ቁራጭ ብቻ ትምጣ ነው ነገሩ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ግን አንድ ነገር አስተማረን፤ ቁራጯን ለማምጣት መጀመሪያ ከባዱ ጃቫስክሪፕት መውረድ አለበት። ጂሜይል እየከፈታችሁ መስመሯ ግማሽ ላይ ስትቆም ከታች አንዲት ሊንክ ነበረች፣ ታስታውሷታላችሁ? መስመሩ ለደከመ፣ ቤዚክ ኤችቲኤምኤል። እሷን የነካ ሰው በሰርቨር ተዘጋጅቶ ያለቀለት ተራ ገጽ ይመጣለታል። አያምርም፣ ግን ይከፍታል። ጎግል በ2024 ዘጋት። እኔ አንዳንድ አዲስ የሀገር ውስጥ ድረ ገጽ በ3ጂ ስከፍት ትናፍቀኛለች፤ ለሦስት መስመር ማስታወቂያ ስንት ሜጋባይት ጃቫስክሪፕት!

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፍጥነትና ስለ ፊደል ነው። የቀረው ስለ እምነት ነው፤ ገንዘብ ሲገባ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ወረዳ ጉዳይ ልታስፈጽሙ ስትሄዱ በር ላይ አንድ ሰው ይቆማል። «ፎቶ ይዘሃል? ኮፒ አለህ? የቤት ቁጥር?» ይላችኋል። ጥሩ ሰው ነው፤ ሁለት ሰዓት ተሰልፋችሁ ከመመለስ አድኗችኋል። ያ ሰው ጃቫስክሪፕት ነው። ውስጥ ያለችው መዝገብ ያዥ ግን «በር ላይ አሳልፈውኛል» ስላላችኋት ማኅተም አትመታም። ፋይሉን አውጥታ ራሷ ታያለች። ለምን? በሩን ያልነካ ሰው በጓሮ ሊገባ ይችላላ። ብራውዘር ላይ ያለ ማንኛውም ቁጥጥር በተጠቃሚው እጅ ነው ያለው፤ ኤፍ12 ነክቶ ኮዱን ያነበዋል፣ ያጠፋዋል፣ ዋጋውን ይቀይረዋል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጫማ የሚሸጥ ገጽ ሠርቶ አሳየኝ፣ እውነትም ያምራል። ዋጋውን ግን ፎርሙ ውስጥ ደብቆ አስቀምጦ ከዚያው ነበር ሰርቨሩ የሚቀበለው። እዚያው ፊቱ 3,500ውን 35 አድርጌ ላክሁለት። ትዕዛዙ ተመዘገበ። ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን ዝም አለ፣ ገባው።

ይህን እኮ ኮድ የማያውቁ የሰፈራችን ባለሱቆች ያውቁታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ሰው ከፍዬአለሁ ብሎ ስክሪንሹት ማሳየት ለመደ። ስክሪንሹት ደግሞ ይሠራል፣ በሁለት ደቂቃ። ዛሬ ገርጂ ያሉት እትዬ የላካችሁትን ስልካችሁ ላይ አይተው ዕቃ አይሰጧችሁም። «ቆይ፣ ከ127 ይምጣልኝ» ይላሉ። ደንበኛው ማሽን ላይ የሚታየውን ሳይሆን ሥርዓቱ በቀጥታ ለእሳቸው የሚነግራቸውን ነው የሚያምኑት። እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገልግሎቶች ለፕሮግራመር የሚሉትም ያንኑ ነው። ክፍያውን የሚያስጀምረው የእናንተ ሰርቨር ነው፣ በሚስጥር ቁልፉ። ደንበኛው ወደ መክፈያው ገጽ ሄዶ ይከፍላል፤ ተመልሶ «ተሳክቷል» የሚል ገጽ ይመጣለታል። ያ ገጽ ግን ለደንበኛው ነው። ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ሰርቨራችሁ የክፍያውን መለያ ይዞ ራሱ ጠይቆ ያረጋግጥ። ሚስጥር ቁልፉን ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የካዝናውን ቁልፍ መዝጊያው ላይ ሰክቶ ነው የሄደው።

ስለ ሰርቨር ስናወራ ደመና የሚሉት ነገር ያሳስታችኋል፣ ሰማይ ላይ ያለ ይመስላል። በሳተላይቱ ዘመን እውነትም ሰማይ አቋርጦ አሜሪካ ነበር። አሁን ግን ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እነ ዊንጉ፣ እነ ራክሲዮ የዳታ ማዕከል ከፍተዋል። ከኛ ትምህርት ቤት በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ነው። እዚያ የተቀመጠ ገጽ እዚሁ ላለ ሰው ውቅያኖስ ሳያቋርጥ ሊደርስ ይችላል። ልጆችን ይዤ አጥሩን ከውጭ አሳይቻቸዋለሁ፤ «ሰርቨር ይሄ ነው?» ብለው ተገረሙ። ግንብ ነው፣ ጄኔሬተር ነው፣ ዘበኛ አለው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ፍለጋ። ፀሐይን ስንት ሰው በስንት ዓይነት ይጽፋታል? ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። ለኛ አንድ ናት። ለዩኒኮድ ግን ጸ 4920፣ ፀ 4928 ነው፤ የተለያዩ ናቸው። አንዷ ፀሐይ ብላ ተመዝግባ፣ ጸሐፊዋ ጸሀይ ብላ ብትፈልጋት «አልተገኘም» ነው መልሱ። ይህን ማስታረቅ የሰርቨሩ ሥራ ነው፤ ሲመዘገብ ስሟን እንደጻፈችው ያስቀምጥላት፣ ከጎኑ ግን ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የመለሰ መፈለጊያ ቅጂ ይያዝ። ዳንኤል ያዕቆብ ለዚህ የሚሆኑ የፐርል ሞጁሎች ከዓመታት በፊት ጽፎ ለሕዝብ ለቋል፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላም ጭምር፤ ጳጉሜን የማያውቀው የብራውዘሩ ቀን መምረጫ ላስመረረው ሰው ልዩ ነገር ነው።

ስለዚህ የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ የቤት ሥራ። ኮርስ አትግዙ ገና። አንድ ገጽ ሥሩ፤ ስም የሚቀበል ፎርም ብቻ። ስሙ በአማርኛ ይጻፍ። ጃቫስክሪፕቱ ፊደሉን እዚያው ይቁጠርና ባዶ ከሆነ ይከልክል። ሰርቨሩም ለብቻው ይቁጠር፣ ለብቻው ይከልክል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይታዩ፤ እስኪስማሙ አትተኙ። ከዚያ ጃቫስክሪፕቱን አጥፍታችሁ ባዶ ፎርም ላኩበት፣ ምን ይላል? ከዚያ «ፀሐይ» ብላችሁ መዝግቡና «ጸሀይ» ብላችሁ ፈልጉ። ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስክሪንሹት አልቀበልም፣ ሊንኩን ላኩ።